በቡና መኪና የሚወጣው መድኃኒት

ይድረስ ናይሮቢ ለሚኖረው ለታናሽ ወንድሜ ለይዲድያ።

እንዴት ከርመሃል ወንድምዓለም? ሰላምህ ይብዛ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ ጨጓራህ ተወህ ወይስ አሁንም ቁርስ ሳትቀምስ ነው ቢሮ የምትገባው? ባለቤትህ ባርኮት እንዴት ናት? ትንሿ ልጅህ ሀሴትስ? ባለፈው በስልክ «ሀኒ» ብላ በስሜ ጠርታኛለች፤ አክስቴ ማለትን አስተምሯት፣ ከአሁኑ እኩያዋ አታድርጉኝ። የናይሮቢ ጠዋት እንደ ደጋችን እንደ ቡሌ ይበርዳል ብለህ ነበርና ደረብ አድርጉ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም አለን። እማዬ ብርድ ሲሆን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላው ጤናዋ ጥሩ ነው። ባለቤቴ ሙሉጌታ ማስተማሩን ይዟል። ልጄ ናፍቆትም ቁመቷ እኔን አልፎ ጫማዬን መጫማት ጀምራለች። ዝናቡ ግን ጉድ ሠርቶናል፤ ቡና በሚሰጣበት ሰዓት ይመጣል፣ በሚፈለግበት ሰዓት ይጠፋል።

ይህን ወረቀት የሚያደርስልህ ልዑልሰገድ ነው፤ የእማዬ ጓደኛ ልጅ፣ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ እየተመላለሰ የሚነግደው። በቴሌግራም ብጽፍልህ በየመሃሉ የሳቅ ምልክት እየላክህ ታበርደኛለህ። ብደውልልህ ደግሞ እማዬ ከጎኔ ቁጭ ብላ ስልኩን ትቀማኛለች። ስለዚህ አቋርጠህ እንዳትመልስልኝ በወረቀት አደረግሁት። የምነግርህ ብዙ ነው፤ ፍሬ ነገሩ ግን ይኸውልህ፦ ቀንቼብሃለሁ። በታናሽ ወንድም መቅናት እንደሚያሳፍር አውቃለሁ። ስቄ ላሳልፈው ሞክሬ ነበር፤ ሆዴ ውስጥ አልቀመጥ አለኝ።

ነገሩ የባሰብኝ ጥቅምት ላይ ናፍቆት በስልኳ ያመጣችውን ቪዲዮ ካየን ወዲህ ነው። አንተ ሱፍ ለብሰህ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ቆመሃል፤ ከፊትህ ነጩም ጥቁሩም ተሰብስቧል። በእንግሊዝኛ ትናገራለህ፣ ሙሉጌታ ለእማዬ ይተረጉምላታል። ድርጅታችን ለጤና ጣቢያዎች መድኃኒት ሲያከፋፍል የሚያወጣውን የካርበን ልቀት በአምስት ዓመት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ቃል መግባቱን ተናገርክ። ይቻላል ወይ ለሚል ሰው ምስክሩ ጌዴኦ ነው አልክ። እዚያ መድኃኒቱ የሚጓዘው በራሱ መኪና ሳይሆን ቡና ሊሰበስቡ ባዶ በሚወጡ አይሱዙዎች እንደሆነ አስረዳህ። ይህን ሥርዓት ዘረጋን አልክ። አዳራሹ አጨበጨበ። እማዬም ሶፋው ላይ ሆና አብራ አጨበጨበች።

«ዘረጋን» ያልከው ከማን ጋር ነው ይዱ? እስቲ አብረን እናስታውስ። የዛሬ ሁለት ዓመት ናፍጣ ጠፍቶ መኪና ሁሉ ማደያ ደጅ ይሰለፍ በነበረበት ሰሞን፣ የመጋዘናችን መኪና ለፍስሐ ገነት የሚሄድ መድኃኒት እንደጫነ ቆሞ ነበር። እኔ የድርጅታችን የዲላ መጋዘን የስርጭት ኃላፊ ነኝና ከሹፌሩ ጋር ተሰልፌያለሁ። አጠገባችን የባህሩዲን አይሱዙ ባዶውን ቆሟል። ባህሩዲንን ታውቀዋለህ፣ ከቤታችን ጀርባ የሚኖረው የረህማ ባል። የት ልትሄድ ነው ብዬ ብጠይቀው ፍስሐ ገነት፣ እሸት ቡና ልሰበስብ አለኝ። የእኛ መኪና ሞልቶ ሄዶ ባዶውን ሊመለስ ነው፤ የእሱ ደግሞ ባዶውን ሊሄድ ነው። ሁለት መኪና፣ አንድ መንገድ፣ ድርብ ጭስ። ሻይ ቤት ሲገባ ተከትዬው በሹፌሮች መሃል መድኃኒቴን ይዘህልኝ ውጣ አልኩት። ሳቁብኝ። አንዱማ ቡናውን ጉንፋን ይዞት እንደሆነ ጠየቀኝ። ባህሩዲን ግን ሻዩን ጨርሶ ተነሳና ካርቶኑን ራሱ መሸከም ጀመረ።

በዚያው ዕለት ደውዬ ነገርኩህ። ሐሪፍ ነው አልከኝ። ያቺ ሐሪፍ ናት ዛሬ ሱፍ ለብሳ አዳራሽ የቆመችው።

ከዚያ በኋላ ያለውንም የሠራሁት እኔ ነኝ። የኮንጋውን፣ የፍስሐ ገነቱን፣ የወርቃውን ባለመኪና ሁሉ በየደጁ እየሄድኩ ለመንኩ። አንዳንዱ ባለመኪና መድኃኒት ከጠፋ እኔ ልታሰር ነው ወይ ይለኛል፤ አንዳንዱ በነጻ አልሸከምም ይላል፤ አንዱ ደግሞ ሚስቱን ጤና ጣቢያ ወረፋ ሳትጠብቅ እንዳስገባለት ጠየቀኝ። ሁሉንም እየመለስኩ፣ እየተከራከርኩ፣ እየቀለድኩ አግባባሁ። ክትባት በራሱ የበረዶ ሳጥን በሞተር ይሄዳል፣ ሌላው ካርቶን ሁሉ ግን በቡና መኪና ይወጣ ጀመር። የቡናው ወቅት ሲያልፍ ፍራፍሬ ሊያመጡ ባዶ የሚወጡትን ያዝኩ። ያ አይሱዙ የእኛን ካርቶን ያዘም አልያዘ መውጣቱ አይቀርም፤ የእኛ መኪና ጭስ ግን ቀረ። አንተ ይህን በቁጥር አስልተህ ለአለቆችህ አሳየህ፤ እሱን አልክድህም፤ ቁጥሩን ያወጣኸው አንተ ነህ።

ደግሞ አንድ ነገር እንዳትረሳ። የናይሮቢው ሥራ ማስታወቂያ መጀመሪያ የደረሰው ለእኔ ነበር። አብረን ስንማር ካንተ የማንስ አልነበርኩም፤ ፋርማሲ ተመርቄያለሁ፣ እንግሊዝኛዬም ሰው ፊት ያቆመኛል። ግን እማዬን ለማን ትቼ? ሙሉጌታስ ሥራውን ትቶ ይከተለኛል? ለይዱ ይሆናል ብዬ ወደ አንተ አስተላለፍኩት። ያን ቀን የላክሁት በደስታ ነው፣ እግዚአብሔር ያውቃል። አሁን ግን ቢሮህ መስኮት ላይ የምትታየዋን ዛፍ በፎቶ ሳያት የእኔ ዛፍ ትመስለኛለች።

በሱፍህም ቀንቻለሁ። ስለ ጭስ ልትናገር በአውሮፕላን ሄደህ በአውሮፕላን ስትመለስ ማንም የአንተን ጭስ አለመቁጠሩ አቃጥሎኛል። እኔ ከዲላ ለወጣ መኪና ሁሉ ስንት ሊትር ናፍጣ እንደጠጣ መልስ ስጪ እባላለሁ። ሰው ደግሞ ስሜን ረስቶታል። ዞን ጤና መምሪያ ስገባ የይዲድያ እህት መጣች ይላሉ። እማዬ ያቺን ቪዲዮ ቤት ለሚገባ ሰው ሁሉ ታሳያለች፤ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ሰውዬ እንኳ ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው አይቷታል። ቤተ ክርስቲያን ምስጋና ስታቀርብ ጌታ ለልጄ ጥበብ ሰጠው አለች። እኔ ከኋላዋ ተቀምጬ አሜን አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ይባስ ብሎ ኅዳር መግቢያ ላይ ከናይሮቢ የተዘጋጀ ሥልጠና አለ ተብዬ ሐዋሳ ተጠራሁ። መድኃኒትን በባዶ ተሽከርካሪ ስለማጓጓዝ ነው። አሠልጣኙ ሰሌዳው ላይ ሁለት መኪና ሥሎ፣ አንዱን ሙሉ አንዱን ባዶ፣ እስቲ ምን ታያላችሁ ብሎ ጠየቀን። እኔ ያየሁት የማደያውን ሰልፍ ነው። እጄን አውጥቼ ብናገር የይዲድያ እህት ናት ብለው ይስቁልኛል እንጂ አይሰሙኝም ብዬ አፌን ዘጋሁ። ሲያልቅ የራሴን ሐሳብ በሚገባ ስለተከታተልኩ ሰርተፊኬት ሰጡኝ። ኬክም ነበር፤ አልበላሁም።

ከሐዋሳ በተመለስኩ በሳምንቱ ያ መልእክትህ መጣ። ቃሉን ያመኑት ለጋሾች ጥር ላይ ጌዴኦን ሊጎበኙ ነው፣ ከዚያ በፊት የወርቃ መስመር ልቀት ትንሽ ዝቅ ቢል ጥሩ ነው ብለህ ጻፍክ። በወርቃ መስመር የቀረን የራሳችን መኪና አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ለጤና ጣቢያዎቹ ወለልና ዕቃ ማጽጃ የሚሆነውን በረኪናና ፈሳሽ ሳሙና የሚያመላልሰው። አንተ ትንሽ ዝቅ ይበል አልክ። እኔን እልህ ያዘኝ። ጭራሽ አጠፋዋለሁ አልኩ። እንግዶቹ ሲመጡ ወርቃ ላይ አንድም የድርጅት መኪና አያዩም፤ ይዲድያ ግማሽ ሲል እኔ ዜሮ እላለሁ፤ ያኔ ማን ማን እንደሆነ ይለያል አልኩ። ማንንም ሳላማክር በረኪናውን በሙሉ በባህሩዲን መኪና ላይ አስጫንኩት።

መድኃኒት ብቻ ለሚያስብ ሰው ጥፋቱ አይታየውም። ጀሪካኖቹ ታሽገዋል፣ ከካርቶኖቹ ተለይተው ተቀምጠዋል፣ መድኃኒቱን የሚያሰጋው ነገር የለም። ጭንቀቴ ሁሉ ለመድኃኒቱ ነበር። ዲላ ተወልጄ፣ ቡና መሃል አድጌ፣ ለቡናው አልተጨነቅሁም። ቡና አጠገቡ ያለውን ሽታ ሁሉ እንደሚጠጣ የእኛ አገር ሰው ከልጅነቱ ያውቃል፤ ጠንቃቃ ባለመኪና በቡና ወቅት ሽንኩርት እንኳ አይጭንም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ቢረሳው አይፈረድበትም። እኔ ግን ዓይኔ አንተ ላይ ተተክሎ እግሬ ሥር ያለውን አላየሁም።

ከይርጋጨፌ በላይ መንገዱ እንዴት እንደሚያንገጫግጭ ታውቃለህ። የአንዱ ጀሪካን ክዳን ላልቶ በረኪናው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። የባህሩዲን ሹፌር ዚያድ ጤና ጣቢያው ደጅ ዕቃ ሲያራግፍ አየው። ውሃ ደፋበት፣ በእንሰት ቅጠል ወለወለው፣ በቃ ደረቀ አለ። ከዚያ እንደ ወትሮው በየመንደሩ እየዞረ የገበሬውን ቀይ እሸት ሲጭን ዋለ። እሸቱ የሚፈለፈልበት የቡና ማጠቢያ ደጅ ሲደርስ ተረካቢው እንደ ልማዱ ክንዱን እስከ ክርኑ እሸቱ ውስጥ ከትቶ ከታች ዘገነና ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ፊቱ ተለወጠ። ይሄ ቡና የታማሚ ክፍል ይሸታል፣ ከሌላው ጋር አልቀላቅልም ብሎ በሩን ዘጋ።

እኔ ያን ዕለት ለሥራ ይርጋጨፌ ነበርኩ። ሲደውሉልኝ ሞተር ተኮናትሬ ወጣሁ። ስደርስ መኪናው በሩ ላይ ቆሟል፣ ገበሬዎቹ ከበውታል፣ ዚያድ ጎማው ላይ ተቀምጦ ራሱን ይዟል። እሸት በለቀሙት ዕለት ካልተፈለፈለ እንደሚበላሽ ሁሉም ያውቃልና ማንም ተረጋግቶ አይናገርም።

አሁን የምጽፍልህን ለማንም አልተናገርኩም። ያ ሽታ ከሩቅ ሲመታኝ መጀመሪያ የተሰማኝ ድንጋጤ አይደለም፤ ደስታ ነው። የይዲድያ ነገር አበቃለት አልኩ በልቤ። እንግዶቹ መጥተው የሚያዩት ያጣሉ፣ አዳራሹ ያጨበጨበውን ይቆጨዋል፣ እማዬም ቪዲዮዋን ከስልኩ ታጠፋታለች። እንዲህ እያልኩ ወደ በሩ ተራመድኩ። ከዚያ አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ቡናዬን ምን አገኘው ብላ በጌዴኦኛ ስትጠይቅ ሰማሁ።  ደስታዬ እዚያው ቀረ።

ብዙ ከተጨቃጨቁ በኋላ ቡናው ለብቻው ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ጀንፈል ይሁን ተባለ፤ ሳይታጠብ ከነገለባው ደርቆ እንደነገሩ ይሸጣል ማለት ነው፣ የዓመት ድካም። ገበሬዎቹን ባህሩዲን የእሸታቸውን ዋጋ ከፍሎ አላስከፋቸውም፤ የእሱንና የእኔን ነገር ደግሞ እኛው ተነጋግረን ጨርሰናልና እሱን ለእኛ ተወው።

ወሬው ከመኪናው ፈጥኖ ኮንጋና ፍስሐ ገነት ደረሰ። በማግስቱ ባለመኪኖቹም የገበሬው ሽማግሌዎችም ማጠቢያው ፊት ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። እኔንም ጠሩኝ። የሚወስኑት አንድ ነገር ነው፦ ከእንግዲህ በቡና መኪና መድኃኒት ይውጣ ወይስ ይቅር? ይቅር ካሉ ጤና ጣቢያዎቹ እንደ ድሮው ናፍጣ እስኪገኝ የመጋዘኑን መኪና ሊጠብቁ ነው፤ አንተም የገባኸውን ቃል ውሃ በላው። አንዱ ባለመኪና ይሄ የፈረንጅ ሐሳብ ነው፣ እነሱ ስለ ቡና ምን ያውቃሉ አለ። ሌላው የለም፣ የኛው የዲላ ልጅ ናይሮቢ ሆኖ ያወጣው ነው፣ በቪዲዮ አይቼዋለሁ አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አንድ ሸምገል ያሉ የጌዴኦ አባት በዱላቸው ተደግፈው ቆሙና፣ «ይሄ ነገር ባለቤት የለውም? ማነው ባለቤቱ? እኛ እሱን ነው የምንፈልገው» አሉ።

ይዱ፣ መውጫው መንገድ ፊቴ ላይ ወለል ብሎ ነበር። ከናይሮቢ የታዘዝኩት ነው ብል ሁሉም ያምነኛል፤ አይተውሃል፣ ሰምተውሃል። ልቀቱ ዝቅ ይበል ብለህ የጻፍከውም ስልኬ ላይ አለ። ጥፋቱ ሞያሌን ተሻግሮ አንተ ጋ ይደርሳል፣ እኔ ንጹሕ ሆኜ ቤቴ እገባለሁ። ስምህን ልጠራ አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣ አለኝ። ደግነት እንዳይመስልህ። ወንድሜን በሰው ፊት አላሳጣም ብዬም አይደለም። ሰስቼ ነው። ሐሳቡን ወሰድክ፣ ጭብጨባውን ወሰድክ፣ የእማዬን ምስጋና ወሰድክ፤ አሁን ጥፋቱንም ልጨምርልህ? እሱንስ አልሰጥህም አልኩ። ተነሳሁና የእኔ ነው፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሐሳቡም የእኔ ነው፣ በረኪናውንም ያስጫንኩት እኔ ነኝ አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ፊት ልናገራት ስመኛት የነበረችው ቃል የወጣችው በዚያ ቀን ነው። ማንም አላጨበጨበም።

ባህሩዲን ከተቀመጠበት እውነቷን ነው፣ ማደያ ሰልፍ ላይ መጥታ የለመነችኝ እሷ ናት አለ።  ሽማግሌው፣ ናይሮቢ ያለ ሰው ቢሆን ኖሮ ማንን እንቆጣ ነበር፣ ይቺ ከሆነች ግን ደጇን እናውቀዋለን አሉ። አንድ ሁለቱ ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ተቆጡኝ፤ በየተራ፣ በአማርኛም በጌዴኦኛም በኦሮምኛም፣ አንዱ ሲደክመው ሌላው እየተቀበለ። አንድም ቃል አልመለስኩም። እኔን ቃል ሳልመልስ ማየት ብርቅ ነውና ባህሩዲን እንኳ አዘነልኝ መሰለኝ፣ በቃ ተዋት አለ። ሲወጣላቸው መድኃኒቱ ይቀጥል አሉ። ቃልህ የዳነው በእኔ ስስት ነው፤ ይህንንም እወቅልኝ።

ይቀጥል ያሉት ግን በቅድመ ሁኔታ ነው። ፈሳሽ ነገር በቡና መኪና ላይ ሁለተኛ አይጫንም። መድኃኒቱ ከወረደ በኋላ ደግሞ አንድ ሰው ከማጠቢያው መጥቶ ወለሉን ሳያሸት አንድ ፍሬ እሸት አይነካውም። እኔም የዘንድሮው ለቀማ እስኪያልቅ ዲላ ላይ መኪኖቹ ከመነሳታቸው በፊት በአካል ተገኝቼ ጭነቱን እንድመለከት ቃል አስገቡኝ። በየጠዋቱ እሄዳለሁ። አይሱዙ ላይ ወጥቼ ተንበርክኬ ወለል ሳሸት ብታየኝ ሆድህን ይዘህ ትስቃለህ። ዚያድ በስልኩ ቀርጾኛል፤ የእኔ ቪዲዮ እንግዲህ ያ ነው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። በረኪናውና ሳሙናው በራሳችን መኪና ወደ መውጣት ተመልሰዋል። ስለዚህ የወርቃ ልቀት እንደ ጠበቅኸው ዝቅ አይልም። እንግዶቹ ሲመጡ ዝቅ ብሏል የሚል ወሬ እንዳትነግራቸው፤ የወጣው ጭስ እንደወጣ ይቆጠር። ቃሉን ሰው ፊት የምትገባው አንተ ነህ፣ እዚህ መሬት ላይ የምትጠብቀው እኔ ነኝ፤ ያልሠራሁትን ሠራች አታስብለኝ። በረኪና ከቡና ጋር ለምን እንደማይሄድም ንገራቸው፤ ሌላ ቡና አብቃይ አገር ሄደው ያንኑ እንዳይደግሙት። ደግሞ ዘረጋን አትበል። እህቴ ሀኒ በል። ስህተቱ ጋ ስትደርስም እህቴ ሀኒ በል፤ አንዱን ለራስህ አንስተህ አንዱን ለእኔ እንዳትተወው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እሱም የእማዬ ነው። ወሬውን ረህማ ቀድማኝ ነግራት ነበር። ቤት ስገባ በቡና ላይ በረኪና የሚጭን ምን ዓይነት ሰው ነው ብላ ትንሽ ሰደበችኝ።  ሐሳቡ የእኔ መሆኑን እንግዲህ ሰማሽ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና መቼ አላውቅም አልኩሽ አለች። በዚያው በማደያው ቀን መጥተሽ እየሳቅሽ የነገርሽኝ እኔን አይደል እንዴ አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ነግሬያት ነበር። ታዲያ ለምንድነው ለሰው ሁሉ የይዲድያ ነው የምትይው ብዬ ጠየቅኋት። ድምፄ እንደ ሕፃን ሆኖ ወጣ፤ ናፍቆት እንኳ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝ።

 እማዬ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። ከዚያ አንቺን ጠዋት አይሻለሁ፣ ማታ አይሻለሁ፣ ስታመም የምታሺኝ አንቺ ነሽ፣ ስለ አንቺ ማውራት ለምን ያስፈልገኛል አለች። እሱ ግን የለም። ካላወራሁት ምን አለኝ አለች።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ቅናቱ የሚለቀኝ መስሎኝ ነበር። አልለቀቀኝም፤ አልዋሽህም። ግን ከዚያ ወዲህ ስትናገር ስሰማ ጆሮዬ ሌላ ነገር ይሰማል። ትናንት ለጎረቤት ስታወራ አንተ ያላልከውን ሁሉ ጨመረችበት፤ ዘንድሮ ሹመት አግኝተሃል፣ መኪና ገዝተሃል፣ ወፍረሃል። ያላየችውን ልጅ ከየት አምጥታ ታውራው? ከራሷ ታመጣለች።

በል እንግዲህ ሰላምታዬን ተቀበል። ለባርኮት፣ የላከችው ሻርፕ ደርሶኛል፣ በጣም አምሮብኛል በልልኝ፤ በእሷስ አልቀናሁም። ሀሴትን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ፤ «አክስቴ» እስክትል ግን ከረሜላ የለም። ሙሉጌታ ሰላም ብሎሃል፤ ንግግርህን ለመተርጎም የደከመበትን ምሳ ትጋብዘዋለህ። ናፍቆት አጎቷን ናፍቃለች፤ ስልኳ ላይ ቦታ ስለጠበበ ቪዲዮህን ላጥፋው ወይ ትላለች፣ እኔ ዝም ብያለሁ፣ አንተ መልስላት። ባህሩዲንና ረህማ በያላችሁበት ሰላም ሁኑ ብለዋል። ዚያድም ይቅርታ በይልኝ ብሎኛል፤ ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ነግሬዋለሁ።

እማዬ ደግሞ አሁን አጠገቤ ናት። ምን ብዬ ልጻፍልሽ ስላት ደህና ነኝ በይው፣ ሥራውን ይሥራ፣ አታስጨንቂው አለችኝ። እኔ ግን አስጨንቅሃለሁ። ጥር ላይ እንግዶቹን ለሌላ ሰው አስረክበህ አትላክብን፤ ራስህ ይዘሃቸው ና። እነሱ ሲሄዱ አንተ ሰንብት። ጠዋት ትይህ፣ ማታ ትይህ፣ ጉልበቷን እሽላት። ጥቂት ቀን አጠገቧ ከዋልክ ስለ አንተ ማውራት ትተዋለች፤ ያኔ እኔና አንተ እኩል እንሆናለን።

የማትለወጥልህ እህትህ
ሀኒ

ዲላ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2018 ዓ.ም.